የሁለት ዳቦ ቀሪ

ሰኞ፣ 45 ቀን ቀረው

ይህ ደብተር የእማዬ ደንበኞች ልክ የሚመዘገብበት ነው። ከፊት በኩል ደረት፣ ወገብ፣ የእጅጌ ርዝመት አለ። ከኋላ በኩል እኔ አለሁ። ሱሪህን ፈልገህ ከሆነ የገለጥከው፣ ገልብጠውና በሰላም ሂድ።

ዛሬ ጠዋት አከራያችን መጣ። እኔ ባለቁልፉ ነው የምለው፤ የሃያ ቤት ቁልፍ ወገቡ ላይ አንጠልጥሎ እያንሿሿ ስለሚሄድ ከመምጣቱ በፊት ነው የሚሰማው። "ሱቁን ልሸጠው ነው" አለ፣ የአየር ጠባይ እንደሚያወራ ሰው። "አሥራ አንድ ዓመት ስለተከራየሽኝ ቅድሚያው ላንቺ ይሁን። አርባ አምስት ቀን ሰጥቼሻለሁ። ካልቻልሽ ግድግዳውን አፍርሶ ከጎኑ ካለው ሱቅ ጋር የሚቀላቅለው ሰው አለ።"

እማዬ አፏ ውስጥ አራት ስፒል ይዛ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ጫፍ እየለካች ነበር። "እሺ" ያለችው በጥርሶቿ መሃል ነው። አንድም ስፒል አልወደቀም። እኔ ብሆን ሦስቱን ውጬ ነበር።

ሱቃችን አንድ ክፍል ናት። በግራ የእማዬ የስፌት መኪና፣ በመስኮቱ በኩል የአባባ ጠረጴዛ። አባባ የእናቴ አባት ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ሰዓት ሲጠግን የኖረ። አሁን ጡረታ ወጥቷል፤ ይህ ማለት በየቀኑ ከሁላችንም ቀድሞ ሥራ ይገባል ማለት ነው።

ባለቁልፉ እንደወጣ አባባ "ምን ፈልጎ ነው?" አለ። ነገርነው። ከምሳ በኋላ "ሰውየው መጥቶ ነበር እንዴ?" አለ። ነገርነው። ማታ ሱቅ ስንዘጋ ደግሞ ጠየቀ። መስማት የማይፈልገውን ያለመስማት መብት አለው መሰለኝ። እኔም በሒሳብ ክፍለ ጊዜ የምጠቀመው ዘዴ ነው።

ረቡዕ፣ 43

ባንክ ሄድን። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ እኔ የእማዬ ጸሐፊ፣ ቦርሳ ያዥና ጠበቃ ነኝ።

የብድር ክፍሉ ሰውዬ ከረባቱን እስከ ጉሮሮው አጥብቆ አስሮ በጣም በጥንቃቄ ነው የሚተነፍሰው። መጀመሪያ ሁሉም ነገር ማር ነበር። ቁጠባዋን አየ፣ የንግድ ፈቃዷን አየ፣ "ጎበዝ ነዎት እትዬ" አለ። ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። ፊቱ ተለወጠ።

"የተበላሸ ብድር አለብዎት።"

"እኔ? ከማን ተበድሬ?"

"የብድር መረጃው ላይ ነው የሚታየው።"

"ልጄ፣ እኔ እኮ ሱቅ በዱቤ ስኳር እንኳ ወስጄ አላውቅም።"

"ዝርዝሩን ከብድር መረጃ ቢሮ ራስዎ መጠየቅ ይችላሉ። በዚህ ሁኔታ ግን ባንኩ..." ዓረፍተ ነገሩን ከረባቱ አንቆ አስቀረው።

ስንመለስ እማዬ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ እንደ ሕፃን አቅፋ ነበር። መኪና ሳታይ መንገድ ተሻገረች። እኔን በእንዲህ ዓይነቱ ነገር ስንት ጊዜ ጆሮዬን ቆንጥጣኛለች!

ሐሙስ፣ 42

ሌላ ባንክ እሞክራለሁ አለች። አንድ ባንክ መዝገብሽን በከፈተ ቁጥር መክፈቱ ራሱ ይመዘገባል፣ ባንኩ ግድግዳ ላይ በተለጠፈው የብድር መረጃ ቢሮው ማስታወቂያ ላይ አንብቤዋለሁ አልኳት። "አንቺ መቼ ነው ባንክ የከፈትሽው?" አለችኝ።

ሁለተኛው ባንክ። እምቢ።

ዓርብ፣ 41

ሦስተኛው። እምቢ፤ ግን ውኃ ጋበዙን።

ሰኞ፣ 38

የብድር መረጃ ቢሮ። አንድ ሰዓት ተኩል ወረፋ። በዓመት አንዴ የራስህን ሪፖርት በነጻ ይሰጣሉ፤ መታወቂያ ማሳየት ብቻ ነው። እማዬ ይህንን ስትሰማ ተናደደች። "ስለ እኔ እየጻፉ ኖረው፣ እኔ ለማንበብ የምሰለፈው ለምንድነው?" መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሠራተኛ ፈገግ አለችና ሦስት ገጽ ወረቀት ሰጠችን።

እማዬ "መነጽሬን ረስቻለሁ፣ አንብቢልኝ" አለች። መነጽሯ ግንባሯ ላይ ነበር። ዝም ብዬ አነበብኩ።

መጀመሪያ ስሟ፣ የመታወቂያ ቁጥሯ፣ አድራሻዋ፤ አድራሻው ድሮ የለቀቅነው ቤት ነው። ቀጥሎ የብድሮች ዝርዝር። አንድ ብቻ ነው ያለው፦ ከስምንት ዓመት በፊት ከብድርና ቁጠባ ማኅበር የስፌት መኪናዋን የገዛችበት። ሃያ አራት ወር የሚከፈል። ሃያ ሦስቱ ወራት እንደ ጎበዝ ተማሪ ደብተር "በወቅቱ ተከፍሏል፣ በወቅቱ ተከፍሏል" እያሉ ይወርዳሉ። ሃያ አራተኛው ላይ "በከፊል ተከፍሏል"።

ቀሪው ስንት ነው? የሁለት ዳቦ ዋጋ። በእውነት። ሁለት ዳቦ።

ከዚያ ሠላሳ ቀን አለፈው፣ ስልሳ አለፈው፣ ዘጠና አለፈው፣ "የተበላሸ" ሆነ። በስድስት ዓመት ከነቅጣቱና ከነወለዱ አርባ አንድ ዳቦ ደርሷል። መጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ ሰሞኑን መዝገቡን የከፈቱት ሦስቱ ባንኮች ተደርድረዋል። ባለመነጽሯ በጣቷ ነካ ነካ አደረገቻቸው። "በአንድ ሳምንት ሦስት ቦታ ሲጠየቅ፣ የሚያየው ሰው በጣም የተቸገሩ ይመስለዋል። ይህ ሳይስተካከል ሌላ ባንክ አይሂዱ።"

እኔ ምንም አላልኩም። በጣም ጮክ ብዬ ነው ምንም ያላልኩት።

የዚያን ብድር ክፍያ በየወሩ ይዞ የሚሄደው አባባ ነበር። ሱቅ ገብተን ጠረጴዛው ፊት ቆምን። አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ እንደሰካ ቀና አለ።

"አባባ፣ የመኪናዬን የመጨረሻ ክፍያ ሙሉ ከፍለሃል?" አለች እማዬ።

"አልከፈልኩም" አለ፣ ሽልማት እንደሚቀበል ሰው።

"ለምን?"

"ጥርግ አድርጎ ከፍሎ መሄድ ምን ይባላል? ገንዘብ ያዧ እኮ ሁለት ዓመት ሙሉ 'ደህና አደሩ አባቴ' ስትለኝ የኖረች ልጅ ናት። ሙሉ መክፈል ዓይንሽን አያሳየኝ ማለት ነው። ትንሽ አስቀረሁ፤ እንድንገናኝ።"

"አባባ! ማኅበር ነው እኮ!"

"ማኅበር ውስጥ ሰው የለም?"

ይህ የአባባ ሕግ ነው። ሰዓት ጠግኖ ሲያስረክብ የመጨረሻዋን ሳንቲም አይቀበልም፦ "ቀሪዋን ሲመለሱ።" በአርባ ዓመት ያልተመለሰ ደንበኛ የለኝም ይላል። እማዬም ወርሳዋለች፤ የልብሱን የመጨረሻ ቁልፍ የምትተክለው "ለብሰሽው እይውና ተመለሺ" ብላ ነው። እኔም እስክሪብቶ ስበደር ክዳኑን አስቀርቼ ነው የምመልሰው። የቤተሰብ በሽታ ነው።

"ታዲያ ለምን ተመልሰህ አልከፈልክም?" አልኩት።

"ልመለስ ነበር እኮ..." አጉሊ መነጽሩን አወለቀ። "አልሄድኩም እንዴ?"

ማክሰኞ፣ 37

ማኅበሩ ትልቅ ሕንፃ ገብቷል። አባባን ይዘን ሄድን፤ ከረባት አስሮ፣ ጫማውን ወልውሎ። ከባንኩ ሰውዬ ጋር ቢወዳደር ባንኩ ይሸነፋል።

አንድ ወጣት መዝገቡን ከፍቶ አነበበ። "ያኔ አሥራ አንድ ጊዜ በስልክ መልእክት አሳስበናል። ውድ ደንበኛችን እያልን።"

"በየትኛው ስልክ?" አለች እማዬ።

ቁጥሩን አነበበ። የራሷ ነው፤ አሁንም ኪሷ ውስጥ ያለው። "አንድም አልደረሰኝም!" አለች።

ስለዚህ ጉዳይ አሁን አልጽፍም። የቢሮው ጣሪያ ላይ አራት መብራት አለ፤ አንዱ ይርገበገባል።

አርባ አንዱን ዳቦ እኔ እከፍላለሁ አልኩ። ስልክ ልገዛበት ያጠራቀምኩት አለኝ። እማዬ "ያንቺን አልነካም" አለች። "ብድር ነው፤ ካልመለሽ ሪፖርትሽ ላይ አስመዘግባለሁ" አልኳት። ሳቀች። ከረቡዕ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

ችግሩ ክሊራንሱ ነው። ዕዳው መዘጋቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፣ ኃላፊዋ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልን። በዚያው ቅጽበት አንዲት ሴትዮ በኮሪደሩ ስታልፍ ቀጥ ብላ ቆመች።

"አባቴ! ደህና አደሩ!"

የድሮዋ ገንዘብ ያዥ! ዛሬ ኃላፊዋ እሷ ናት። እጅጌዋን ወደ ላይ ሰብሰብ አድርጋ ሰዓቷን አሳየችው። "ይህንን የጠገኑልኝ እርስዎ ነዎት። ቀሪ አለብኝ እኮ! 'ሲመለሱ' ብለውኝ ሱቅዎን ባልፍ ባገድም ጊዜ አጣሁ።" ነገሩን ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ቅጣቱን በራሷ ሥልጣን በግማሽ ቀነሰችው፣ ደብዳቤውን ቁጭ ብላ አስጻፈች፣ ማህተሙን ራሷ መታችበት። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም።

መስኮቱ ላይ ስንከፍል አባባ ገንዘቡን ከእጄ ወስዶ ቆጠረና አንዲት ሳንቲም ወደ ኪሱ ሸጎጠ። እማዬ እጁን በአየር ላይ ያዘችው።

"አባባ!"

"አንዲት ብቻ..."

"አንዲትም!"

በሩ ላይ ስንደርስ ጆሮዬ ስር "ያቺ ደግ ሴትዮ ማን ናት?" አለኝ። ቀልደኛ ነው። አሥር ደቂቃ ሙሉ ሲያጫውታት ነበር።

ዓርብ፣ 34

ደብዳቤው፣ ደረሰኙ፣ የመታወቂያ ቅጂ፣ የቅሬታ ቅጽ፤ ሁሉንም ለባለመነጽሯ አስረከብን። አድራሻውንም አስተካከልን። መልሱ እስከ ሠላሳ ቀን ሊወስድ ይችላል። እማዬ በጣቶቿ ቆጠረች፤ ሠላሳ ከሠላሳ አራት። አራት ቀን ይተርፈናል።

"ታሪኩ ይጠፋል?" አለች።

"አይጠፋም። ዘግይቶ ተከፍሎ ተዘግቷል ይላል። እውነቱ እሱ ነው አይደል? ገንዘብ ስጡኝና ላጥፋላችሁ የሚል ሰው ከመጣ ግን እንዳታምኑት።"

ይህችን ሴትዮ ወደድኳት። እውነቱን እንደ መድኃኒት አፍንጫ ሳትይዝ ነው የምትሰጠው።

ቅዳሜ፣ 26

እማዬ ሱሪ እያሳጠረች ድንገት መኪናዋን አቆመች። "አሥራ አንድ መልእክት። ስልኬ ላይ። ማን ነው ያነበበው?"

አባባ ከመስኮቱ በኩል፣ ቀና ሳይል፦ "እኔ ነኝ። ማስታወቂያ መስሎኝ አጠፋሁት።"

እማዬ አባባን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። እኔ መርፌ ውስጥ ክር እየከተትኩ ነበር። ክር ያለው መርፌ ውስጥ።

እሑድ፣ 25

ይጻፍና ይውጣልኝ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እማዬ እጇ ሥራ ላይ ስለሚሆን ስልኳን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ዶሮዋ እንቁላል የምትጥልበት ጨዋታ ነበረኝ፤ ስልኩ "ቦታ ሞልቷል" ባለ ቁጥር የማይረባ የመሰለኝን መልእክት አጠፋለሁ። "ውድ ደንበኛችን" የሚል ሁሉ የማይረባ ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጅን ውድ ደንበኛችን ብሎ የሚጠራ ሰው ምን ቁም ነገር ይኖረዋል? አሥራ አንድ ጊዜ። ዶሮዋ ሦስት ሺህ እንቁላል ጥላለች። የሱቁን ግድግዳ የምታፈርሰው ያቺ ዶሮ ናት።

ዛሬ ከሰዓት ሱቅ ውስጥ ከአባባ ጋር ብቻችንን ሆንን።

"ለምን ዋሸህ?"

"መቼ?"

"ትናንት። መልእክቱን አንተ አላጠፋኸውም። አንተ ስልክ የምትይዘው እንደ ካውያ ነው።"

በመቆንጠጫው ጸጉር የምታክል ጥምዝ ሽቦ ይዞ ነበር፤ እጁ ድንጋይ ነው፣ አይንቀጠቀጥም።

"ድንቢጥ" አለኝ። ድንቢጥ የእማዬ የልጅነት ቅጽል ስም ነው፤ ሰሞኑን ለእኔ አውርሶኛል። "እኔ የራሴንም እየረሳሁ ነው። የሚረሳ ሰው ላይ የማንም ጥፋት ቢጨመር ማን ይጠረጥራል? አንቺ ግን ገና ብዙ ዘመን መታመን አለብሽ።"

ሳቅኩ። ከዚያ የጨርቅ ብናኝ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ልብስ ሰፊ ቤት ብናኝ አይጠፋም።

ረቡዕ፣ 22

አባባ ቀድሞን ወጥቶ ሱቅ ሳይደርስ ቀረ። ሁለት ሰዓት ፈለግነው። ገበያው ማዶ፣ አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። መንገድ ቀይሬ ልንሸራሸር ብዬ ነው አለኝ። አንዱ ጫማው ቡናማ፣ አንዱ ጥቁር ነበር። "ፋሽን ነው?" አልኩት። "ፋሽን ነው" አለኝ። እጄን ግን እስከ ሱቁ አልለቀቀም።

ጠረጴዛው ጋ ሲቀመጥ ሌላ ሰው ሆነ። የአንዲት ሴትዮን የእጅ ሰዓት ፈታ፣ ዘይት ነካው፣ ገጠመው፤ መሣሪያዎቹን ሳያይ በእጁ ብቻ ያገኛቸዋል። እያንዳንዷ ብሎን የት ቆርቆሮ ውስጥ እንዳለች ያውቃል።

ሱቁ ከሄደ ጠረጴዛውን ቤት እናስገባዋለን ትላለች እማዬ። ቤት ቦታ አለ። ቦታማ አለ። ግን

ደንበኛ መጣ።

ሐሙስ፣ 14

ቢሮው ዝም። ባለቁልፉ ግን ዝም አላለም፤ የሚገዛውን ሰው ይዞ መጥቶ ግድግዳውን አንኳኩቶ አሳየው፣ ሐብሐብ እንደሚገዛ ሰው። አባባ "ሰዓት አለዎት የሚጠገን?" ብሎ ጠየቀው። ሰውየው አፈረና ሰዓቱን ፈትቶ ሰጠው።

ከዚያ በኋላ መያዝ አቃተኝ። ለእማዬ ነገርኳት። የዶሮዋን ሁሉ፣ አንዱንም ሳላስቀር።

"አውቄያለሁ" አለች፣ እግሯን ከመኪናው መርገጫ ላይ ሳታነሳ።

"ከመቼ?"

"አባባ መልእክት አጠፋሁ ካለበት ደቂቃ። አባባ መልእክት ማጥፋት ከቻለ እኔ ፓይለት ነኝ።"

"ለምን ዝም አልሽ?"

"ራስሽ እስክትመጪ። እናትሽ ቀሪ መሰብሰብ ታውቃለች።" ከዚያ አሥር ሱሪ ወረወረችልኝ። "እስከ ቅዳሜ ጫፋቸውን ታጥፊልኛለሽ። ቅጣትና ወለዱ ነው።"

አሥሩንም ማታውኑ አጠፍኩ። በሕይወቴ እንዲህ ደስ ብሎኝ ተቀጥቼ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ 9

"ውድ ደንበኛችን"

ስልኩ ሲጮህ ሁለታችንም ዘለልን። አላጠፋሁትም። ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ የቀረበው ማስተካከያ ተቀባይነት አግኝቷል።

ሮጠን ሄድን። አዲሱ ወረቀት ላይ ከሃያ ሦስቱ "በወቅቱ" በታች ሃያ አራተኛው "ዘግይቶ ተከፍሏል" ይላል፤ ከሱ ቀጥሎ "ቀሪ፦ የለም፤ ተዘግቷል"። እማዬ ራሷ አነበበችው፣ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ። ባለመነጽሯ ለማንም እንደዚህ የማታደርግ ይመስለኛል፤ ተነስታ ጨበጠችን።

ከዚያው ወደ መጀመሪያው ባንክ። ባለከረባቱ ለምን ሦስት ባንክ እንደሞከርን ጠየቀ። እማዬ "ደንግጬ ነው" አለችው፣ እውነቱን። አንገቱን ነቀነቀና ወደ ኮሚቴ አስተላለፈው።

ሰኞ፣ 3

ተፈቀደ! ተፈቀደ! ተፈቀደ!

ግን ከጠየቅነው ትንሽ አንሷል። እማዬ የሙሽራ ቀሚሶቹን ቅድመ ክፍያ ሁሉ ጨምራም ጥቂት ይጎድላል። ባለቁልፉ እጁን አወራጨ። "ተይው፣ ትንሽ ናት። ቀሪዋን ሲመችሽ ትሰጪኛለሽ።"

አባባ ፊቱ በራ። "አያችሁ? ሰው ማለት ይህ ነው!"

"አይሆንም!" አለች እማዬ። ባለቁልፉ ቁልፎቹ እስኪንሿሹ ደነገጠ። "ይጻፋል። ቀን ይቆረጥለታል። የከፈልኩ ዕለት ደግሞ ክሊራንስ ይሰጡኛል፣ ጋሼ፣ በፊርማዎ።"

"ምንድነው እሱ?"

እኔ ይህንኑ ደብተር አውጥቼ ውሉን አረቀቅኩለት። ከሙሽራዋ ወገብ ልክ ቀጥሎ ነው ያለው።

ሐሙስ፣ የሚቀር ቀን የለም

ተፈራርመን ወጣን። ሱቁ የእኛ ነው፤ ለአሥር ዓመት ደግሞ ከባንኩ ጋር የጋራችን። በየወሩ ክፍያውን ይዤ የምሄደው እኔ ነኝ፣ ደረሰኙን የማስቀምጠውም እኔ። እማዬ ሾመችኝ። ዶሮዋን ግን ከስልኩ አስጠፋችኝ፤ በስድስት ዓመቷ ጡረታ ወጣች።

ማንን እንደማመሰግን አላውቅም፤ ብዙ ናቸው። ባለመነጽሯን፣ ማህተሟን ይዛ የሮጠችውን ኃላፊ፣ አሥሩን ሱሪ። ከሁሉም በላይ ጥፋቴን ኪሱ ውስጥ ሸጎጥ አድርጎ ያለፈውን ሰውዬ።

እሱ አሁን መስኮቱ ጋ ነው። የዚያን ግድግዳ አንኳኪ ሰዓት እየገጠመ። ጠዋት "ሱቁ እንዴት ሆነ?" ብሎ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት፣ እስከ ባንኩ ድረስ። ከምሳ በኋላ "ሱቁስ እንዴት ሆነ?" አለኝ፤ እንደ አዲስ ጀመርኩ። ማኅበሩን፣ ሳንቲሟን፣ እማዬ እጁን በአየር ላይ እንደያዘችው። ትከሻው እስኪነቃነቅ ሳቀ። "ሞኝ ሽማግሌ ነበር በይኛ!"

"በጣም።"

"መጨረሻውስ? ሱቁን ገዙት?"

ልነግረው አፌን ከፈትኩና ተውኩት።

"ቀሪዋን ነገ፣ አባባ። ሲመለሱ።"

አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰካና ፈገግ አለ። "እመለሳለሁ" አለ።